ውሃ የሚጠጣ ቋጠሮ

ሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን 1988

ዛሬ ሁዳዴ ገባ፤ እኔም ሥራ ገባሁ። ይህን ሰማያዊ ደብተር ራሴን ልሸልም ብዬ ከገበያ ገዛሁት። ልጄ ስኒት አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም፣ ባሌ አሳምነው ደግሞ የሰው ጽሑፍ የሚያነብ ሰው አይደለም። ስለዚህ እንደልቤ ላውራ።

ሮተርዳም ያለውን ሙዚየም አራት ዓመት ሙሉ ወለሉን ስወለውል ኖርኩ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን ሱፖስት ነኝ። ሱፖስት አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ሥዕሉንም ሰውንም የሚጠብቅ ማለት ነው። ጥቁር ሰማያዊ ኮት ሰጡኝ፣ ደረቱ ላይ ስሜ የተጻፈበት። ከምንኖርበት ከዴን ሃግ ባቡር ስሳፈር ካፖርቴን አልቆለፍኩም፣ ሰው እንዲያየው። በአርባ ሰባት ዓመት ኮት ያኮራል ወይ? ያኮራል።

አዳራሹ ጨለም ያለ ነው። የተሰቀሉት የሰማዕታት ሥዕሎች ናቸው፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በጣልያንና በዚሁ በሆላንድ የተሣሉ። እንደምናውቀው ደማቅ አይደሉም፤ ወረቀት ላይ በቀይ ጠመኔና በብዕር ብቻ። ወረቀቱ ብርሃን ስለሚጎዳው እያንዳንዱ ትንሽ መጋረጃ አለው። ጎብኚ ገልጦ ያያል፣ ሲሄድ እኔ እመልሳለሁ። አለቃዬ ሜቭራው (ወይዘሮ) ቬርለ ይህን ልታስረዳኝ ስትደክም "እኛም ቤተ ክርስቲያን ሥዕል በመጋረጃ ነው የሚሸፈነው፣ ከሕፃንነቴ አውቀዋለሁ" አልኳት። ደስ አላት።

እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር አለ። አንዱ በብረት አልጋ ላይ በእሳት ይጠበሳል። አንዱ ቆዳው ይገፈፋል፤ እሱን ገልጬ ወዲያው መለስኩት። የእኔ የሚሆነው ከበሩ በስተግራ ሦስተኛው ነው። ወጣት ሰማዕት ከዛፍ ጋር ታስሮ ፊቱን ወደ ጎን አዙሯል። ከኋላው ጠጉሩ ጥቅልል ጥቅልል ያለ ውብ ሰው ጎንበስ ብሎ ገመዱን ይፈታለታል። ሁለት ዓይኖቹ ቀጥ ብለው እኛን ያያሉ። ክንፉን ሳይሥሉለት የቀሩት መልአክ ነው መሰለኝ። በየሰዓቱ እየገለጥኩ አየሁት።

ማታ አሳምነው ኮቱን አይቶ "ወታደር መሰልሽ" አለኝ፣ ሳቅን። እሱ እዚሁ ዴን ሃግ፣ ትራንስቫል ሰፈር ገበያው ላይ ሸራ ይወጥራል፤ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ። እሱ ያሰረውን ነፋስ አይፈታውም። ምስጢሩ ውሃ ነው፤ አስሮ ሲጨርስ ቋጠሮው ላይ በኩባያ ውሃ ያፈስበታል፣ ገመዱ ያብጥና ይጠብቃል። ናይሎን አይወድም፣ የቃጫ ብቻ። ዓሣ ሻጩ ሜኔር (አቶ) ኬስ "አሳምነው ቋጠሮውን እንደ አበባ ውሃ ያጠጣል፣ ከሰማይ ዝናብ እየወረደለት" እያለ ይስቅበታል። እኔ ግን እኮራበታለሁ። እጁ ሥራ ያውቃል።


ረቡዕ፣ የካቲት 13

ዛሬ አዳራሹ ውስጥ አማርኛ ሰማሁ። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፣ ግራጫ ባርኔጣ፣ ማሰሪያ የሌለው ጫማ። ደረቴ ላይ ስሜን አንብበው "ኣስካለ? የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። አባቴ የደቀመሃሪ ሰው እንደነበር፣ እኔ ግን አዲስ አበባ ተወልጄ እንዳደግሁ፣ እስከ አሥራ አንደኛ እንደተማርኩ፣ ባሌን ካርቱም እንዳገኘሁት፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ ቆዩና "ጓለይ፣ መጀመሪያ ተንፍሺ" አሉኝ። ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ማንም እንዲህ ብሎ አልጠራኝም።

ሓጎስ ይባላሉ። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ እርሳስ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ መስመር የሚደረድሩ። እዚህ መጥተው ግን ሮተርዳም ወደብ ላይ በዘበኝነት ጡረታ ወጡ።

"ፊደል መልቀሙን ለምን ተዉት ጋሽ ሓጎስ?"

"አውራ ጣት ይፈልጋል" አሉ።

በዕረፍቴ ከማሽኑ ሻይ ቀዳሁላቸው። ኩባያውን በሁለት መዳፋቸው መሃል ይዘው ነው የሚጠጡት፣ እንደ ሕፃን። ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ሄደው ያን የእኔን ሥዕል ገለጡና አንድ ሰዓት ሙሉ ፊቱ ቆሙ። ማታ ስኒትን ሳስተኛት ስለ ጋሽ ሓጎስና ስለ ጓለይ ነገርኳት።


ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ባቡር ውስጥ። ቶሎ ቶሎ። አንዷ ባልደረባዬ ልደቷ ነበር፣ ኬክ አመጣች፣ ጾም ነኝ አልኳት። "አንድ ቁራሽስ?" "እስከ ፋሲካ ቅቤም እንቁላልም የለም።" "ታዲያ ምን ትበያለሽ?" "ሽሮ።" "ሽሮ ምንድነው?" ስልሳ ደቂቃ አስረዳኋት። ደረስኩ።


ረቡዕ፣ የካቲት 20

አፈርኩ። መጀመሪያ የማፈሬን ልጻፍ።

ጋሽ ሓጎስ ዛሬም መጡ፣ ዛሬም ያው ሥዕል። እኔም እውቀቴን ላሳይ ብዬ "በእኛ ሥዕል እኮ ክፉ ሰው በጎን ነው የሚሣለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ጻድቅ ግን ሁለት ዓይን አለው። የኔታ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በዘንግ እያሳዩ ነው ያስተማሩን። እነዚህ ሰዎች አደባለቁት፤ ሰማዕቱን በአንድ ዓይን ሣሉት። ደግነቱ መልአኩን በሁለት አድርገውታል" አልኳቸው።

"የቱን መልአክ?"

"ይኸው፣ የሚፈታውን።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉ። መልሰው አደረጉ።

"ጓለይ፣ እያሰረው ነው" አሉ።

ከጎኑ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሄጄ አነበብኩ። አሥር ቀን ሙሉ ሳላነበው። "ሰማዕቱ ከመወጋቱ በፊት ሲታሰር" ይላል። አሳሪው ነው መልአክ ያልኩት። በየሰዓቱ መጋረጃ እየገለጥኩ የሳቅሁለት እሱ ነው።

"አትፈሪ" አሉኝ። "እኔም መጀመሪያ ቀን ተሳስቼ ነበር።" ሥዕሉን ማለታቸው መስሎኝ ነበር። አይደለም። በሰባ ዓመተ ምሕረት ሻዕቢያ ነህ ብለው ቀበሌ አስገቧቸው። እስር ቤቱ የቀበሌው የእህል መጋዘን ነበር፣ የጤፍ ብናኝ ያስነጥሳቸው እንደነበር ነገሩኝ። መጋዘን ጠባቂው ልጅየው ነበር የሚያስራቸው፤ የፊጥኝ፣ ከክርን በላይ። መልከ መልካም፣ ክፉ ቃል የማይወጣው። አስሮ ሲጨርስ በቆርቆሮ ኩባያ ውሃ አመጣ።

"ሊያጠጣኝ መስሎኝ አፌን ከፈትኩ" አሉ። "ገመዱ ላይ አፈሰሰው።"

ከዚያ አንድ የትምህርት ቤት ቡድን ገባ፣ ልጆቹ መጋረጃውን ይጎትቱ ጀመር፣ ሮጥኩ። ስመለስ ሄደዋል።

ባቡሩ ዛሬ ሃያ ደቂቃ ዘገየ። ሁልጊዜ ረቡዕ ረቡዕ ይዘገያል። ሽንኩርት መግዛት ረሳሁ።


ሐሙስ፣ የካቲት 21

አሳምነውን "ቋጠሮ ላይ ውሃ ማፍሰስ ከማን ተማርክ?" ብዬ ጠየቅሁት። እንዲሁ፣ ለወሬ።

"ከአባቴ። አህያ ስንጭን።"

ይኸው። አህያ የጫነ ሁሉ ያውቀዋል ማለት ነው። ስንት ሺህ ሰው አህያ ይጭናል። እንዲያውም ጠይቄው ቀለለኝ።

"ለምን ጠየቅሽ?" አለኝ።

"ሜኔር ኬስ የሚስቀውን አስታውሼ።"


እሑድ፣ የካቲት 24

ስሎተርቫርት ኡሙልኸይር ቤት ዋልኩ። ካርቱም አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ኖረናል፣ እንደ እህቴ ናት። አሁን አምስተርዳም አዛውንቶችን ትጦራለች፣ ወገቧን አሟታል፣ ምላሷ ግን ደህና ነው። ኮቴን ለብሼ ነበር የሄድኩት።

"አንቺ፣ እሑድም ትጠብቂያለሽ እንዴ? እኔን ነው ሶፋውን?" አለችኝ።

ሻይ ላይ እንደዋዛ አነሳሁት። "እናንተ ወሎ አህያ ስትጭኑ ቋጠሮው ላይ ውሃ ታፈሳላችሁ አይደል?"

"ለምን ብለን?"

"እንዲጠብቅ።"

"ቋጠሮ እንዲፈታ ነው እንጂ የሚፈለግ፣ ጭነት ማውረድ አለ አይደል? አባቴ ዕድሜ ልኩን ነጋዴ ነበር፣ ይህን አልሰማሁም። ማን ነው እንዲህ የሚያደርግ?"

"አንድ ሰው።"

ኡሙልኸይር ኩባያዋን አስቀመጠችና አየችኝ። "ካርቱም ሳለን አንድ ነገር ብዬሽ ነበር፣ አስታወስሽ? 'ባልሽ ስለ አዲስ አበባ ምን አወራሽ?' ብዬ።"

"የቀበሌ መጋዘን ጠባቂ ነበር፣ ነግሮኛል፣ ምንም አልደበቀኝም።"

"እሺ የኔ እናት" አለች። ስለ ወገቧ አወራን።

አዲስ አበባ ስንት ቀበሌ ነበረ? ሦስት መቶ ገደማ። ሁሉም መጋዘን አለው።


እሑድ፣ መጋቢት 1

ዛሬ የሠራተኞች ቤተሰብ ቀን ነበር። አሳምነውንና ስኒትን ያስመዘገብኳቸው ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው፤ ያኔ ጓጉቼ ነበር። አሁንም ደስ ብሎኛል። ሜቭራው ቬርለ "ይህች ሴት አዳራሹን ቤቷ አድርጋዋለች" ብላ ለአሳምነው ነገረችው፤ እሱም በሆላንድኛ ጥሩ አድርጎ አመሰገናት፣ ጃኬቱን ለብሶ፣ ሽበቱ አምሮበት። ሥዕሉ ላይ ያለው ባለጥቅልል ጠጉር ሰው ሲያረጅ እንዲህ ይሆን ነበር። ይህን ለምን ጻፍኩ?

በግራ በኩል መጀመሪያውን ገለጠ፣ መለሰ። ሁለተኛውን ገለጠ፣ መለሰ። ሦስተኛው ላይ ቆመ።

"ይህን የሣለ ሰው ገመድ አያውቅም" አለ። "የእጁ አንጓ ላይ ነው ያሰረው። እንዲህ ከሆነ ሩብ ሰዓት አይቆይም፣ ይፈታል። የሚታሰረው ከክርን በላይ ነው። ያኔ መጀመሪያ አውራ ጣት ነው የሚሞተው፤ ሌላው ጣት ቀስ እያለ።"

ስኒት "ፓፓ፣ አንተ እንዴት አወቅክ?" አለችው። አንተ ነው የምትለው፣ እዚህ ያደጉ ልጆች ሁሉ እንዲህ ናቸው።

"ገበያ የሚሠራ ሰው ገመድ ያውቃል።"

"ገበያ ላይ የሰው እጅ ታስራለህ?"

ሳቀ። መጋረጃውን ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ያሉትን አላየም፤ እግሬን ደከመኝ ብሎ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። እኔም ለስኒት የቀሩትን እየገለጥኩ ሳስረዳት ድምፄ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ነበር፣ አንድ ሰውዬ ዞሮ አየኝ።


ረቡዕ፣ መጋቢት 4

ጋሽ ሓጎስ፦ "ባለቤትሽ ምንድነው የሚሠራው?"

እኔ፦ "ዛንዳም፣ ካካዎ መጋዘን ውስጥ።"

ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ዛንዳም ረግጦ አያውቅም። ጾም ነው ደግሞ። ስሙንም ቢጠይቁኝ ምን ልላቸው እንደነበር እግዜር ይወቅ፤ ደግነቱ አልጠየቁም።


ሐሙስ፣ መጋቢት 12

የዜግነቱ ደብዳቤ መጣ። የሦስታችንም። ሁለት ዓመት የጠበቅነው። አሳምነው ኩሽና ውስጥ ቆሞ ሦስት ጊዜ አነበበው፣ ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፣ እናቱ የሞተች ጊዜ እንኳን። ስኒት አቀፈችው። እኔም አቀፍኩት። ከእንግዲህ ማንም ወደዚያ ሊመልሰው

ከእንግዲህ ደህና ነን ማለቴ ነው።


ዓርብ፣ መጋቢት 13

ለፓስፖርት ፎቶ ተነሣን። ሠርጋችን ላይ ካርቱም በተነሣነው ፎቶ አሳምነው ወደ ጎን ዞሮ ነው ያለው፤ የስኒት ክርስትናም እንዲሁ፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው ጠርቶት የዞረ ይመስላል። እስከ ዛሬ ልብ አላልኩትም። ፎቶ አንሺው ግን "ቀጥ ብለው፣ ሁለቱም ዓይን ይታይ" እያለ አራት ጊዜ መለሰው። አራት ቅጂ ሰጠው። ሁለቱ ለኸሜንተው፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ተሰጡ፤ ሁለቱ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ናቸው።


ረቡዕ፣ መጋቢት 18

ለአራት ሳምንት ያህል የፈራሁትን ዛሬ ጋሽ ሓጎስን ጠየቅኋቸው። "ያን ልጅ ቢያገኙት ምን ያደርጉታል?"

"እንጃ" አሉ። "ሰው ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። አንዱ 'እገድለዋለሁ' ይላል፣ ቄሱ 'ይቅር በለው' ይለኛል። ለማን ነው ይቅር የምለው? ስም የለው። ሦስት ወር ሲያስረኝ ከኋላዬ ነው የሚቆመው፤ እዚያ ውስጥ 'ልጅየው' ነበር የምንለው። ገዳይ እንኳን ስም አለው። እኔ ስሙን ነው የምፈልገው፣ ከመሞቴ በፊት። ከዚያ በኋላ ያለውን ያኔ አስብበታለሁ።"

"ፊቱን ቢያዩትስ ያውቁታል?"

"አንድ ቀን ብቻ ነው ያየሁት፣ ውሃውን ያመጣ ቀን። አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። በፊቱ አላውቀው ይሆናል።" ሥዕሉን በአገጫቸው አመለከቱ። "የዚህን ሁለት ዓይን ሳይ ግን ስለ እሱ አስባለሁ። ደህና ሰው ይመስላል አይደል? ይህን የሣለው ሰው ውሸት አልሣለም።"

ከዚያ ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን እንደሚመጡ ነገሩኝ፣ እዚሁ ሮተርዳም። "ቤተሰብሽን አስተዋውቂኝ። የሚያወራ ሰው ቤተሰብ ጸጥተኛ ነው ይባላል፣ ልይ" ብለው ቀለዱ።

አሳምነው አይመጣም። ስቅለት ሁልጊዜ ዓርብ ነው፣ ዓርብ ገበያ አለ። ከተጋባን ወዲህ በአሥራ ሦስት ዓመት መጥቶ አያውቅም። በዚህ ልቤ ዐረፈ።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 1

አሳምነው ለዓርብ ፈቃድ ወሰደ። "ዜጋ አድርጎኛል፣ አንድ ቀን ብሰግድለት ምን አለበት?" አለ። ዓርብ ገበያው ይበዛል አልኩት። ሜኔር ኬስ ይቀየማል አልኩት። ጉልበትህን ያምሃል አልኩት።

"ለሃያ ዓመት ና ስትይኝ ነበር" አለኝ።

"አሥራ ሦስት" አልኩ።

አየኝ። "ምን ሆነሻል ሰሞኑን? ዝም ብለሻል።"

እኔ? ዝም? ከዚያ ብዙ አወራሁ። ስለ ኮቱ፣ ስለ ሜቭራው ቬርለ፣ እሑድ ዐውደ ርእዩ ስለመዘጋቱ። ሥዕሎቹ ከዚያ ሣጥን ውስጥ ገብተው አምስት ዓመት ጨለማ ውስጥ ይተኛሉ፤ ሁለት ወር ብርሃን ላየ ወረቀት ያ ነው ዕረፍቱ። "ጥሩ ሕግ ነው" አለ አሳምነው።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 2

ጠዋት ከመሳቢያው አንዱን ፎቶ ወስጄ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ቀኑን ሙሉ ነካካሁት። ጋሽ ሓጎስ መጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሥዕሉን ተሰናበቱት፣ ባርኔጣቸውን አነሡለት እንኳ። "ዓርብ እንገናኝ" አሉኝ። ዓርብ አይምጡ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ምን ብዬ? የማወራው ሁሉ አለቀብኝ። ፎቶውን አላወጣሁም።

ፈሪ ነኝ። አሥራ ሦስት ዓመት እንጀራውን በልቻለሁ፣ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። አዎ፣ ክፉ ቃል አይወጣውም።


ስቅለት፣ ዓርብ፣ ሚያዝያ 4

እንደሆነው ልጻፈው። አላስውብም።

ካቶሊኮቹ ባዋሱን ቤተ ክርስቲያን ከጠዋት ጀምሮ ሰገድን። ውጭ ዝናብ ነበር። ጫማችን ኮሪደሩ ላይ ተደርድሯል። አሳምነው ወንዶቹ መሃል ነበር፣ ጉልበቱን እያመመው ይወድቃል ይነሣል፤ ጋሽ ሓጎስ ከፊት፣ መቋሚያ ተደግፈው። መሃላቸው ሦስት ረድፍ ነበር። እኔ ኪርያላይሶኑን መቁጠር ትቼ ረድፉን ስቆጥር ዋልኩ። ማብቂያው ላይ ቄሱ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን መታ መታ እያደረጉ ስግደት ሲያዙ፣ አሳምነው ጎንበስ ብሎ ከሌላው ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። ምን እንደተናዘዘ አልሰማሁም። ቄሱ "አርባ አንድ" ሲሉት ሰማሁ። ለሁሉም አርባ አንድ ነበር የሚሉት።

ቶሎ ብዬ ልወስደው ስል ስኒት ጫማዋ ጠፋባት። በዚያ መሃል ጋሽ ሓጎስ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"ጓለይ፣ ዛሬ ማሰሪያ ያለው ጫማ አድርጌ ተሞኘሁ። ያኛው ውሃ ያስገባል። ጠዋት ጎረቤቴ ናት ያሰረችልኝ፤ ስገባ ጫፉን ስቤ ፈታሁት፣ ማሰሩ ግን አይሆንልኝም።"

"እኔ ላስርልዎ" አልኩና ጎንበስ ስል አሳምነው ቀደመኝ።

"ይተዉ አባባ፣ እኔ እያለሁ" አለ። ልጅ ለአባቱ እንደሚያደርገው ተንበረከከ። ግራውን አሰረ። ቀኙን አሰረ። ሁለት ጊዜ ዙሪያውን፣ አንድ ጊዜ በስር፣ ሁለት ጊዜ ሳብ። ከዚያ ከደጁ የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት ባልዲ በመዳፉ ጨለፈና ቋጠሮው ላይ አንጠባጠበ። አላሰበበትም። እጁ ነው ያሰበው።

ወደ ጋሽ ሓጎስ አየሁ። የአሳምነውን አናት ቁልቁል እያዩ ነበር። አፋቸው ተከፍቷል። ሊናገሩ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልተናገሩም፤ ተከፍቶ ቀረ እንጂ።

አሳምነው ቀና አለ። "ጠበቀ፣ አባባ?"

"ጠብቋል" አሉ።

ሊያነሣቸው እጃቸውን ያዘ። አውራ ጣታቸው ላይ ዓይኑ ዐረፈ። ከዚያ ሁለት ዓይኖቹን ቀና አድርጎ አያቸው፣ ሙሉ ፊቱን። እኔም ያኔ ነው ያየሁት፣ ከተጋባን ጀምሮ ያላየሁት ያህል። ያማረ ፊት ነው። ምንም አይነበብበትም።

ባቡር ውስጥ "ሽማግሌው ማን ናቸው?" አለኝ።

"አላውቃቸውም፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው።"

ስኒት ከመስኮቱ ዞረች። "ማማ፣ ጋሽ ሓጎስ አይደለም እንዴ? ሙዚየም የሚመጣው? ጓለይ የሚልሽ?"

አሳምነው እስከ ዴን ሃግ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ተቀመጠ።


ቅዳም ስዑር፣ ሚያዝያ 5

ጠዋት አንድ ነገር ነው ያስጨነቀኝ፤ ጫማውን ማን ይፈታላቸዋል? አሳምነው ወደ ገበያው እንደወጣ ሮተርዳም ሄድኩ። አድራሻቸውን ቄሱ ሰጡኝ።

በሩን ከፈቱልኝ። ጫማው እግራቸው ላይ ነው። በጫማ ነው የተኙት።

"ጎረቤትዎን ለምን አልጠሩም?"

"ማን አሰረው ብትለኝ ምን እላታለሁ?"

"መቀስስ?"

ጣታቸውን አሳዩኝ። እውነት ነው፣ መቀስ አውራ ጣት ይፈልጋል።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው ከነጭራሹ አጥብቆታል። በጥፍሬ ሞከርኩ፣ በሹካ ሞከርኩ፣ በመጨረሻ በጥርሴ። ሲፈታ ሰዓቱን አየሁ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጅቶብኛል። እግራቸው አብጧል፣ እንደ ቋጠሮው።

"ዛንዳም፣ ካካዎ" አሉ ከላይ።

"ዋሽቼዎታለሁ።"

"ገባኝ።" ከዚያ "አውቀሽ ነው ያመጣሽው?" አሉኝ።

"እንዳይመጣ ያልሞከርኩት የለም።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ስለ ኩባያው ከነገሩኝ ቀን" አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ያልኩት ያኔ ነው። ይህን ደብተር ወደ ኋላ ሄጄ ባነበው ምን እንደምል አላውቅም። ባቡሩ ዘገየ ብያለሁ። ሽንኩርት ረሳሁ ብያለሁ።

"ልጅ አለሽ" አሉ። "ብታስቢበት አልቀየምሽም።"

ኮቴን ለብሼ ነበር፣ የሱፖስቱን። ፎቶውን አወጣሁና ሰም የተቀባው የጠረጴዛ ልብስ ላይ አስቀመጥኩት፣ ፊቱን ወደ ላይ። ጀርባው ላይ ባቡር ውስጥ ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ጽፌበታለሁ። በመዳፋቸው ጠርዝ ወደ ራሳቸው ሳቡት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

"ሁለት ዓይን አለው" አሉ።


ፋሲካ፣ እሑድ፣ ሚያዝያ 6

ጾም ተፈታ። ዶሮው ጥሩ ወጣ፣ ስኒት ሁለት እንቁላል በላች። ዐውደ ርእዩ ዛሬ ይዘጋል፤ ነገ ሥዕሎቹን ወደ ሣጥን ሲያስገቡ እኔም እረዳለሁ፣ ነጭ ጓንት ይሰጡኛል።

ከምሳ በኋላ ስኒት ወጣች። ኩሽና ውስጥ ዕቃ ሳጥብ የቡፌው መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ። ሲዘጋ አልሰማሁም። ዞር ስል አሳምነው በሩ ላይ ቆሟል።

"ፎቶዎቹ ሁለት ነበሩ" አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

"አዎ" አልኩት። "ሁለት ነበሩ።"

በቀኝ እጁ በኩባያ ውሃ ይዞ ነበር። አልጠጣውም።